ዕቃው ተመልሶ እንዳይመጣባችሁ
በኦንላይን ጫማ መሸጥ ስጀምር የሚከብደው ገዢ ማግኘት መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ገዢው ያዛል፤ ዕቃው ደጁ ሲደርስ ግን «ተውኩት» ይላል። የባንክ ካርድ ያለው ሰው ጥቂት በሆነበት ገበያ ደግሞ ሲረከቡ መክፈልን መከልከል አይቻልም። የህንዱ የኦንላይን መደብር ፍሊፕካርት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን አሠራር ጀምሯል።

ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ደውሉ። የጽሑፍ መልእክት አይበቃም፤ ድምፁን ስሙት። «ነገ ጠዋት ቤት አለህ? ገንዘቡን ማን ይሰጣል?» በሉት። እኔ ሳልደውል የላክኳቸው አራት ካርቶኖች በአንድ ቀን ተመልሰውብኛል። የደርሶ መልሱን ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በስልክ አስቀድሞ ለሚከፍል ሰው ማድረሻውን ቀንሱለት።

የቤት ቁጥር ከሌለ የበሩን ቀለምና ሎኬሽኑን ተቀበሉ። ሎኬሽኑን ቤቱ ሆኖ ይላክ፤ ከሥራ ቦታ ከላከው ሞተረኛው ሌላ ሰፈር ሲዞር ይውላል።

መጠን ላይ አትቸኩሉ። 42 ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ገዢው ወረቀት ላይ ቆሞ ከተረከዙ እስከ ረጅሙ ጣቱ ይለካ፤ እናንተም የውስጥ ሶሉን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ጻፉ። ፎቶውን መስኮት አጠገብ አንሱ። ጭረት ካለው ጭረቱንም አቅርባችሁ አሳዩ።