ግምት ያልተሰጣቸው ቡድኖች የሚታዩባቸውን የስፖርት ኮሜዲዎች ስናሳይና ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

በጎንደር፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ የሰፈር አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለወጣቶች ፊልም ማሳየት ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት አዳራሹን ከሞሉልኝ ፊልሞች መካከል ቀዳሚዎቹ ማንም ከቁጥር ያላስገባው ቡድን ተሰባስቦ፣ ወድቆና ተነሥቶ፣ በመጨረሻም ከታላላቆቹ ጋር ሜዳ የሚገባባቸው ቀለል ያሉ የስፖርት ኮሜዲዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በአመራረጥና በአቀራረብ ጉድለት ጣዕማቸው ሲበላሽ ደጋግሜ ስላየሁ፣ ከስህተቶቹ ዋና ዋናዎቹን እዚህ ላስረዳ። «በእኛ አቆጣጠር» ካላልሁ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «መጨረሻው አስቀድሞ ይታወቃል» በማለት ፊልሙን ገና ሳይጀመር መናቅ ነው። በልጅነታችን ማታ ማታ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን የመለስን ሁሉ ጦጣ አያ ጅቦን እንደምታታልለው እናውቅ ነበር፤ ያም ሆኖ ተረቱን ትቶ የተነሣ ልጅ አልነበረም፤ ጆሯችንን ሰጥተን የምንጠብቀው እንዴት አድርጋ እንደምታታልለው ነበርና። ከዚህም በላይ ወቀሳው ራሱ ትክክል አይደለም። በ1976 በወጣው «ዘ ባድ ኒውስ ቤርስ» ውስጥ የልጆቹ የቤዝቦል ቡድን በፍጻሜው ጨዋታ ይሸነፋል። በ1993 በወጣው «ኩል ረኒንግስ» ውስጥም የጃማይካ ቡድን የሚጋልብበት የበረዶ ጋሪ ይገለበጥና አራቱ ተወዳዳሪዎች በትከሻቸው ተሸክመው መጨረሻው መስመር ላይ ያደርሱታል። ዋንጫ ሳይነሣ ተመልካች እያጨበጨበ የሚነሣበት ፊልም «መጨረሻው የታወቀ» ሊባል አይገባውም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ሳቁ በደካሞቹ ላይ የሚሳቅ ነው ብሎ ማሰብ ነው። የአገራችን ሰው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲል፣ በገና ዕለት ሜዳው ላይ ሎሌውም ጌታውም እኩል ዱላ ይዘው እንደሚቆሙና ጌትየው ቢመታ እንኳ ሊቆጣ እንደማይገባው ተናግሯል። የእነዚህ ፊልሞች ሳቅም የሚቀዳው ከዚሁ ምንጭ ነው፤ ደስ የሚያሰኘን ታናሹ ሰው ታላላቆቹ ተደላድለው በያዙት ሜዳ ላይ ፈቃድ ሳይጠይቅ መግባቱ ነው። በ«ኩል ረኒንግስ» አንደኛው ተወዳዳሪ ብርዱን ለመልመድ ሲል በአይስክሬም መኪና ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሩ ሲከፈት ፊቱ አመዳይ ለብሷል፣ ጸጉሩም ደርቆ እንደ ጭራሮ ቀጭ ይላል። አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል፤ ነገር ግን ያን ሰው የሚንቅ አንድም ተመልካች አላየሁም፤ ምክንያቱም ለአንድ ውድድር ሲል ያንን ሁሉ መቀበሉን ከሳቁ ጋር አብረን እናያለን። ኋላም ቡድኑ የስዊሶችን ሥርዓት ለመኮረጅ በጀርመንኛ እየቆጠረ ሲነሣ ነገሩ ሁሉ ይበላሽበታል፤ የራሱን ዜማ ይዞ ሲነሣ ግን ሰዓቱ ይሻሻላል። እኔ በበኩሌ ፊልሙን በሙሉ የተሸከመችው ይህች ክፍል ናት ባይ ነኝ።

ስለዚህ አንድን ፊልም ለማሳየት ከመምረጤ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ደቂቃዎች ለብቻዬ አያለሁ፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ጨዋታውን ከልብ ይዘውት እንደሆነም እመረምራለሁ። ከልብ ከያዙት ቀልዱ ያምራል። ሳቁ የሚመጣው ከአንዱ ውፍረት ወይም ከሌላው መንተባተብ ብቻ ከሆነ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያስቅ ፊልሙን እተወዋለሁ፤ በአዳራሹ ውስጥ ወፍራም ልጅም የሚንተባተብ ልጅም አለና።

ሌላው ስህተት ጨዋታውን ሳያስረዱ ፊልሙን መክፈት ነው። ኳስ ሲሆን ችግር የለም፤ በ2001 የወጣው የሆንግ ኮንጉ «ሻውሊን ሶከር» ኳስንና ኩንግ ፉን ስላጣመረ፣ ቋንቋውን የማያውቀው ልጅ እንኳ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይከተለዋል። ቤዝቦልና ቦብስሌድ (ያ የበረዶ ጋሪ ውድድር) ግን ለጎንደር ልጅ ባዕድ ናቸው፤ እዚህ በረዶ ሲባል በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው ነውና ሰው በላዩ ላይ ጋሪ እንደሚጋልብ ማሰብ ያስቸግራል። ከፊልሙ በፊት አምስት ደቂቃ ወስጄ ማን እንደሚገፋ፣ ማን እንደሚመራና ሰዓቱ በምን ያህል ጥቃቅን ልዩነት እንደሚለካ ስናገር ሳቁ በቦታው ይመጣል፤ ሳልናገር በቀረሁበት ቀን ግን ልጆቹ የሚስቁት ሰው ሲወድቅ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ የበረዶ ሆኪ የሚታይበት ፊልም ከማሳየቴ በፊት «በበረዶ ላይ የሚጫወቱት የገና ጨዋታ ነው» አልሁ፤ ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለገኝም።

ፊልሙን እንደ ታሪክ መዝገብ መውሰድም ተመልካችን ያሳስታል። የጃማይካ ቡድን በ1988 በካናዳ ካልጋሪ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ መወዳደሩና ጋሪው መገልበጡ እውነት ነው፤ በፊልሙ የምናያቸው አራት ሰዎች ግን ስማቸውም የሕይወት ታሪካቸውም ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። ከእውነተኞቹ ተወዳዳሪዎች መካከል የጃማይካ መከላከያ ሠራዊት አባላት ነበሩበት፤ ከአደጋውም በኋላ ከጋሪው ጎን በእግራቸው ተራመዱ እንጂ በትከሻቸው አልተሸከሙትም። በዚያው ኦሊምፒክ በሁለቱም የበረዶ ዝላይ ውድድሮች መጨረሻ የወጣው እንግሊዛዊው ኤዲ ኤድዋርድስም በ2016 ፊልም ተሠርቶለታል፤ በፊልሙ አጠገቡ የሚታየው አሠልጣኝ ግን የፈጠራ ሰው ነው። ይህን መንገር ደስታውን አይቀንስም፤ እንዲያውም ጥያቄ ይወልዳል። አንድ ቅዳሜ አንዲት ተማሪ «ከእኛስ አገር እንዲህ የሞከረ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በጣሊያን ቱሪን ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው መሆኑን፣ የተወዳደረውም በረጅም ርቀት የበረዶ መንሸራተት መሆኑን ስነግራት አዳራሹ ለአፍታ ዝም አለ።

ኮሜዲ ስለሆነ ለሕፃናት ይሆናል ማለትም ስህተት ነው። ከላይ የጠቀስሁት የቤዝቦል ፊልም ዋና ተዋናዮቹ ልጆች ቢሆኑም በስድብ የተሞላ ስለሆነ፣ ታናናሾች ባሉበት አላሳየውም።

እነዚህን ፊልሞች ለብቻ በስልክ ማየት ደግሞ ግማሹን ጣዕም ያስቀራል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ሲያነሣ ከተማው በምን ስሜት ውስጥ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ ደስታ ከጎን ካለው ሰው ጋር ሲካፈሉት ምን እንደሚመስል አይጠፋውም።

የመጨረሻው ስህተት ራሴ ለረጅም ጊዜ የሠራሁት ነው፤ እርሱም ፊልሙ ሲያልቅ መብራት አብርቶ ምክር መስጠት ነው። «እናንተም ተስፋ አትቁረጡ» እያልሁ ስናገር፣ ከአፍታ በፊት ይስቁ የነበሩት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ሲመለከቱ አይ ነበር፤ በሳቅ የተቀበሉትን ነገር እኔ የቤት ሥራ አደረግሁባቸው። ኋላ ላይ አንድ ቅዳሜ ንግግሩን ተውሁትና በሩን ብቻ ከፈትሁ። አራት ልጆች ሳይወጡ ቀሩ፤ ረጅሙን አግዳሚ ወንበር ፈረሰኛ እንደሚቀመጥ ሆነው ተራ በተራ ተፈናጠጡበት፤ ከፊት ያለው «ግራ!» ሲል ሁሉም አብረው ወደ ግራ፣ «ቀኝ!» ሲል ወደ ቀኝ ያዘነብሉ ጀመር፤ አዳራሹን ለመዝጋት ቁልፍ ይዤ ብቆምም ውድድራቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው።