ጭልፊት እግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ ብታገኙት

በፈረንጆቹ ጁን አካባቢ ኒውዮርክ ውስጥ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ዶሮ የሚያክል ባለ ቀይ ጅራት ጭልፊት መንገድ ላይ ቆሞ ሊያፈጥባችሁ ይችላል። አይበርም፣ አይሸሽም። ብዙ ሰው "ተሰብሮ ነው" ብሎ ካርቶን ፍለጋ ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንም አልሆነም፤ መብረር እየተማረ ነው።

መጀመሪያ ዕድሜውን ለዩ። ባለ ቀይ ጅራቱ ጭልፊት ከተፈለፈለ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ከጎጆው ይወጣል። ያኔ ላባው ሞልቷል፤ አናቱ ላይ ብቻ ትንሽ ነጭ ለስላሳ የጫጩት ላባ ሊቀር ይችላል። ጅራቱ ቀይ ካልሆነ አይግረማችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቡናማና ዥንጉርጉር ነው። ገላው በሙሉ ነጭ ለስላሳ ላባ ከሆነ ግን ገና ጫጩት ነው፣ ያለ ጊዜው ወድቋል። እርዳታ ይፈልጋል።

ላባው የሞላ ከሆነ መንገዱን ተሻግራችሁ ከሩቅ እዩት። ውሻ ካላችሁ አጥብቃችሁ ያዙ። እናትና አባቱ አካባቢው ጣሪያ ላይ ናቸው፤ አይጥ ይዘው ሊሆን ይችላል። ሰው ከቦት ስልክ እየደቀነ ሳለ ግን አይወርዱም። ልጁ በርሃብ ሲጮህ የምትሰሙት የሚያሳዝን ጩኸት "ምግብ አምጡልኝ" ነው እንጂ "አድኑኝ" አይደለም። ትንሽ ብትታገሱ መኪና ጣሪያ ላይ ይዘላል፣ ይንሸራተታል፣ ከዚያ አጥር፣ ከዚያ ቅርንጫፍ። እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።

እጃችሁን የምታስገቡት መቼ ነው? ክንፉ ሲንጠለጠል፣ ሲደማ፣ ዝንብ ሲወረው፣ መስታወት ጋር ተጋጭቶ ሲፈዝ፣ ድመት ከነከሰው። የአይጥ መርዝ የበላ አይጥ የበላ ጭልፊትም ይዝላል፤ ከተማ ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው። አስፋልት መሃል ከሆነ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ወደ ዳር ንዱት። ይኼው በቂ ነው።

ከመያዛችሁ በፊት ደውሉ። ማንሃተን ውስጥ ዋይልድ በርድ ፈንድ የሚባል የተጎዱ የዱር ወፎችን የሚያክም ድርጅት አለ፤ ሌላ ስቴት ያላችሁ ደግሞ በአካባቢያችሁ ፈቃድ ያለው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ፈልጉ። "ያዙት" ካሏችሁ ወፍራም ጓንት አጥልቁ፣ ከኋላ ፎጣ ጣሉበት። የምትፈሩት ምንቃሩን ሳይሆን ጥፍሩን ይሁን፤ እግሮቹን ቀድማችሁ ያዙ። የተበሳሳ ካርቶን ውስጥ ከታች ጨርቅ አንጥፋችሁ አስገቡት፣ ዝጉት፣ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ውሃም ሆነ ጥሬ ሥጋ አትስጡት። እኛ አገር ቤት ጫጩት እንዳይነጥቅ እያባረርን ያደግን ሰዎች እንኳ እዚህ ስናየው አንጀታችን ይላወሳል፤ ቤት ወስዶ ማሳደግ ግን አይቻልም። በፈረንጆቹ 1918 የወጣው የአሜሪካ የተሰዳጅ አእዋፍ ሕግ ይከለክላል።

አንድ ልጅ ወይም ጎረቤት ደህናውን ወፍ ቀድሞ አንስቶት ከሆነ ወዲያው ወደተገኘበት ሰፈር መልሱት፣ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አድርጉት። የሰው እጅ ቢነካውም ወላጆቹ አይተዉትም።