የሰውን ኑሮ በወሬ እንዴት መቅመስ ይቻላል?

"የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይባላል። ለወርቁ ልክ ነው። ለኑሮ ግን አልስማማም። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ አሣ አስጋሪም፣ የፋብሪካ ሠራተኛም፣ ዓረብ አገር ደርሶ ተመላሽም መሆን አይችልም። እናቱ ታማበት ከቤት መራቅ ያቃተው፣ ሕፃን ያቀፈች፣ ለጉዞ የሚተርፍ ብር የሌለው ሁሉ ግን በሰው በኩል ብዙ መኖር ይችላል። ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሰው ሞልቷል። አጠያየቁን ማወቅ ነው።

ሐይቁ ዳር ካለው የአሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ጀምሩ። በጠዋት ሂዱ፣ መረቡ ማታ ተጥሎ ያድርና ሲነጋ ነው የሚወጣው። ከረፈደ የምታገኙት ጥብስ የሚበላና ፎቶ የሚነሳ ሰው ነው። ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። አሣ ግዙ፣ ሻይ ጋብዙ፣ ከዛ አሣውን ከመረብ የሚያላቅቀው ሰውዬ አጠገብ ቁጭ በሉ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ አንጀት እስኪጣልላቸው ዙሪያውን ቆመዋል፣ አትፍሯቸው።

ዋናው ነገር ጥያቄው ነው። "ሥራ እንዴት ነው?" ካላችሁት "ተመስገን" ብሎ ይዘጋችኋል። "ኑሮስ?" ካላችሁት ስለ ዋጋ ታወራላችሁ፣ እሱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ትንሽ ነገር ጠይቁት፣ በእጅ የሚነካ። መረቡን የጣልክበትን ቦታ በጨለማ በምን ታውቀዋለህ? ንፋስ ሊነሳ ሲል መጀመሪያ የምታየው ምንድን ነው? ቆሮሶና አምባዛ ገና ሳታያቸው፣ መረቡን ስትስብ እጅህ ላይ ይለያሉ? እንዲህ ሲጠየቅ ሰውዬው ሥራውን ገታ አድርጎ ቀና ይላል። ከዛ በእጁ ማሳየት ይጀምራል፣ መረቡን ወጠር አድርጎ፣ ክሩ ጣቱን የቆረጠበትን ቦታ ጭምር። ያኔ አታቋርጡት። "እኔም አንዴ..." ብላችሁ የራሳችሁን ታሪክ አታስገቡ፣ ስንት ጥሩ ወሬ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው።

ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ጎረቤት ካለቻችሁ ከሺፍት ስትወጣ አትያዟት፣ ደክሟታል። የእረፍት ቀኗን ጠብቁና ቡና ጥሯት። ደሞዟን አትጠይቁ። የመጀመሪያ ቀን ማሽኑ ፊት ስትቀመጥ እጇ እንዴት እንደነበር ጠይቁ፣ የምትሰፋው የትኛውን ክፍል እንደሆነ፣ ቤት ስትገባ ከጓደኞቿ መሀል የማብሰል ተራው የማን እንደሆነ። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ የምትሰፋ ልጅ ሸሚዙ አልቆ ላታየው ትችላለች። ይሄንን ከአፏ ስትሰሙ የራሳችሁን ኮሌታ መንካታችሁ አይቀርም።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ሲመጣ ደግሞ የሲዳማ ጎረቤት ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ በዓሉ በሚከበርበት ሜዳ፣ ጉዱማሌ ላይ የሚሆነውንም በቴሌቪዥን እናየዋለን። እናንተ ግን የዋዜማውን ማታ ጠይቁ። አያንቱዎቹ፣ ዘመን ቆጣሪ ሽማግሌዎቹ፣ ኮከብ አይተው ቀኑን እስኪያሳውቁ ልጆች ሆነው እንዴት ያስችላቸው ነበር? በሁሉቃው፣ በዋዜማው በሚሠራው ማለፊያ በር፣ ሥር ሲያልፉ ከፊታቸው ማን ነበር? ከቆጮ በሚሠራው ቡሪሳሜ ላይ ቅቤው ምን ያህል ነው፣ የሚያጎርሰውስ ማን ነው? እማማ ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ። "ኑ ብሉ" ካሏችሁም እሺ በሉ፣ "በልቻለሁ" አትበሉ።

ቲክቶክ ላይ የሰው ሠርግና የሰው ጉዞ ስታዩ አምሽታችሁ ምንም የማይቀራችሁ መልሳችሁ መጠየቅ ስለማትችሉ ይመስለኛል። የሚያሳያችሁን ብቻ ታያላችሁ። አጠገባችሁ ያለ ሰው ግን ያላሰበውንም ይነግራችኋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በልጅ በኩል መኖር ሌላ ጉዳይ ነው። ሐኪም መሆን ፈልጎ ያልተሳካለት አባት ልጁን በግድ ሐኪም ካላደረግሁ ሲል መቅመሱ ይቀርና ከልጁ አፍ መንጠቅ ይሆናል። ብዙ ቤት አለ ይሄ ነገር፣ ልጆቹም ዝም ብለው ይሸከሙታል። ራሳችሁን መፈተሽ ከፈለጋችሁ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደምትጠይቁት አስተውሉ። ሁሌ "ስንት አመጣህ?" ከሆነ የራሳችሁን ኑሮ ነው የምትጠይቁት። ዛሬ ማን አሳቀህ፣ ከማን ጋር ተቀመጥክ በሉት። መልሱ እናንተ ከጠበቃችሁት ራቅ ካለ እሰየው፣ የእሱ ነው ማለት ነው።

ከተሰማ በኋላ ያለው ደግሞ ይረሳል። የሰማችሁትን ለባለቤቱ መልሳችሁ ንገሩት፣ "እንዲህ ነው ያልከኝ?" ብላችሁ። "ኧረ አይደለም" ብሎ ሲያርማችሁ መጀመሪያ የዘለለው ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ሐዘን ያለበት ወሬ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከዓረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች እህት ከሆነች፣ ካቆመችበት በላይ አትጎትቷት። ሌላ ቀን ራሷ ትቀጥለዋለች። ለሦስተኛ ሰው ከማውራታችሁ በፊትም አስፈቅዷት። ወሬው ሰፈር ውስጥ ከቀደማት ዳግመኛ አትነግራችሁም።