ፉርሽካው ሲገማ፣ ሻጋታው ሲያኮርፍ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ፉርሽካ ላይ ሻጋታ አሳድጋለሁ። ሻጋታው ኢንዛይም ይሰጠኛል፣ ኢንዛይሙ የጤፍ ጭድን ወደ ስኳር ይቀይራል፣ እርሾ ደግሞ ስኳሩን ኢታኖል ያደርገዋል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኔ ብዙ ፉርሽካ ከጣልኩ በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ መመሪያዎቹ የሚያስቡት ለባሕር ጠረፍ ሰው መሆኑ ነው። እኛ ያለነው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

በሁለተኛው ቀን ይገማል፣ ይዝለገለጋል

ክዳኑን ስትከፍቱ ዓይን የሚቆጠቁጥ የአሞኒያ ሽታ ይቀበላችኋል። ፉርሽካውን በጣት ስታነሱት ክር ይስባል። ይሄ የእናንተ ሻጋታ ሳይሆን ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ስፖሩ (ጠንካራ ቅርፊት ያለው የተኛ ሕዋስ) ቢቀቀልም አይሞትም። እዚህ ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ92 ወይም 93 ዲግሪ ስለሆነ ተራ ድስት አያዋጣም።

ፕሬዠር ድስት ገዛሁ። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 15 ፒኤስአይ ሲል 15 ደቂቃ ቆጠርኩ። አሁንም ገማ! ለካ ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የአዲስ አበባ አየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ መመሪያዎቹ የሚጠብቁት 121 ሳይሆን 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ መውጣት ያስፈልጋል። ለዚያ ያልተሠራ ድስት ይፈነዳልና እንዳትሞክሩት። በጊዜ ካሱት፦ 45 ደቂቃ። ከረጢቱ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ጨምሩበት፣ ሙቀቱ ወደ መሃል የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ቫልቩን ከመዝጋታችሁ በፊት እንፋሎቱ 10 ደቂቃ ያህል ይውጣ፤ ውስጥ የቀረ አየር ጌጁን ያስዋሻል።

ውኃ ማብዛትም ባክቴሪያን ይጋብዛል። ለ1 ኪሎ ደረቅ ፉርሽካ 1.2 ሊትር ይበቃል። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ቅርጹን ይያዝ፣ ግን ጠብ አይበል።

ነጭ ሆኖ ይጀምርና ቀጥ ይላል

ብርድ ነው። የማሳድገው ሻጋታ፣ ትራይኮደርማ፣ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይወዳል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ከ10 በታች ይወርዳል። ማሞቂያ ያለው ሰውም መብራት ሲጠፋ ያው ነው። እኔ አይስ ቦክስ ውስጥ ሙቅ ውኃ የሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልዬ አስገባለሁ። ሌሊት አንዴ መነሳት አለ፣ ምን ይደረጋል።

ጠርዙ አድጎ መሃሉ ከቀረስ? ያኔ ጥፋቱ ተቃራኒ ነው። ሻጋታው ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ፉርሽካ ደግሞ አፍኖ ይይዘዋል። ከ3 ሴንቲሜትር በላይ አትከምሩት።

«አረንጓዴ ሆነብኝ!» ብሎ የሚደውል አይጠፋም። ትራይኮደርማ ከዘራችሁ ከቀናት በኋላ አረንጓዴ መሆኑ ያለ ነው፣ ስፖር (የሻጋታው ዘር) ነው። ማስክ አድርጋችሁ ክፈቱት።

ጭዱ ስኳር አይሆንም

መጀመሪያ ጥፋተኛውን ለዩ። ቁራጭ የማጣሪያ ወረቀት ኢንዛይሙ ውስጥ ከትታችሁ ፒኤቹን (የአሲድነት ልኬቱን) 5 ገደማ፣ ሙቀቱን 50 ዲግሪ አድርጋችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ሲነቀነቅ ከተበጣጠሰ ኢንዛይሙ ደህና ነው። ችግሩ ጭዱ ጋ ነው፤ ሊግኒን (ጭዱን የሚያጠነክረው ነገር) ሴሉሎሱን (ስኳር የሚሆነውን ክፍል) ሸፍኖታል። ጭዱን ፈጭታችሁ በ1 ሊትር ውኃ 20 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በገባበት ውስጥ አሳድሩና ደጋግማችሁ እጠቡት። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው።

ወረቀቱ እንዳለ ከተገኘ ግን ወደ ፉርሽካው ተመለሱ።

ስኳሩ አለ፣ አልኮሉ የለም

የ50 ዲግሪውን ፈሳሽ ሳታበርዱ እርሾ ጨምራችሁ ከሆነ ገድላችሁታል። ወደ 30 አውርዱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ አየር ገብቷል፤ ጠላ የሚጠምቅ ሁሉ ያውቀዋል። በደንብ ክደኑት፣ ግን ጋዙ የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ ይኑረው፣ ጫፉም ውኃ ውስጥ ይግባ።

መፍላቱ ቆሞ ትንሽ ስኳር ከቀረ ዛይሎስ የሚባል ሌላ ዓይነት ስኳር ነው። የዳቦ እርሾ አይነካውም፤ እሱን በመጠበቅ ቀን አታባክኑ።