የሚቃጠሉ መርከቦችን እየቀዱ የዘይት ቀለም መማር

ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፍራፍሬና ጠርሙስ ነው። እኔ የምመክረው የሚቃጠል መርከብ ነው።

የባሕር ሥዕሎች ሠዓሊው ሩሲያዊ ኢቫን አይቫዞቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1848 የሣለውን የቼሽሜ የሌሊት ውጊያ ፈልጉ። በ1770 የሩሲያ ባሕር ኃይል የኦቶማንን መርከቦች ዛሬ ምዕራብ ቱርክ ባለችው ቼሽሜ ወደብ ውስጥ ያቃጠለበት ሌሊት ነው። ቀን ላይ የተሣለ ውጊያ ገመዱን ሁሉ፣ የመድፍ ቀዳዳውን ሁሉ ያስቆጥራችኋል። እዚህ ግን ጨለማው ብዙ ሥራ ያቀልላችኋል። የብርሃን ምንጩ ሁለት ነው፤ ቀዝቃዛዋ ጨረቃና የሚያቃጥለው እሳት።

ምስሉን ሁለት ጊዜ አትሙ፤ አንዱ ባለ ቀለም፣ አንዱ ጥቁርና ነጭ። መጀመሪያ የምትሠሩት ከጥቁርና ነጩ ነው። የሸራችሁ ቁመትና ስፋት ከምስሉ ጋር በልኩ ይመጣጠን፤ አለበለዚያ መርከቦቹ ይወፍራሉ። በሁለቱም ላይ እኩል ካሬዎች አስምሩና ዋና ዋናዎቹን መስመሮች አስቀምጡ። ምሰሶዎቹ ቀጥ ይበሉ እንጂ ሌላው ይቆይ።

አሁን በርንት አምበር የሚባለውን ቡናማ በተርፔንታይን አቅጥናችሁ ሸራውን በሙሉ ቀቡ። ሳይደርቅ በጨርቅ እየጠረጋችሁ ብርሃኑን አውጡ፤ እሳቱን፣ ጨረቃዋን፣ ውሃው ላይ የወደቀውን ነጸብራቅ። ከሙሉው ሥራ አንድ ነገር ብቻ መማር ካለባችሁ ይቺን ተማሩ። ቅጂው የሚያምረው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው። ራቅ ብላችሁ ዓይናችሁን አጥብባችሁ እዩት። እሳቱ ካልታየ ቀለም መጨመር አያድነውም።

ይህ ሲደርቅ ጨለማውን በአልትራማሪን ሰማያዊና በአምበር ድብልቅ ሥሩ። የተዘጋጀውን ጥቁር ተዉት፤ ሥዕሉን ድንጋይ ያስመስለዋል። ከላይ የሚመጣው ንብርብር ሁልጊዜ ከታችኛው የበለጠ የተልባ ዘይት ይኑረው፣ ካልሆነ ወደፊት ይሰነጠቃል።

እሳቱ ላይ ችኮላ አያዋጣም። ዳር ዳሩን ጥልቅ ቀይ፣ ወደ ውስጥ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ። ነጩን ቀለም እስከዚህ ድረስ ከድናችሁ አቆዩት። ቢጫ ውስጥ ነጭ ሲበዛ እሳቱ ይቀዘቅዛል፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ለእሳቱ እምብርት ብቻ ጥቂት ወፍራም ጠብታ ይበቃል። ጭሱን ቀለሙ እርጥብ እያለ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ወደ ሰማይ ጎተት አድርጉት።

ውሃው ላይ ያለው ነጸብራቅ አንድ ወጥ ቢጫ አይደለም። በጨለማ ማዕበል እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው። ፊት ለፊት ያሉትን ከአደጋው የተረፉ ሰዎች በጥቁር ቅርጻቸው ብቻ ሣሏቸው። ፊት፣ ዓይን፣ ጣት ምናምን ውስጥ አትግቡ።

ገመዶቹ መጨረሻ ናቸው። ከታች ያለው ቀለም ከደረቀ በኋላ ረጅም ቀጭን ብሩሽ ያዙ፣ ቀለሙን እንደ መጻፊያ ቀለም አቅጥኑት፣ ክንዳችሁን ሳትደግፉ በአንድ እስትንፋስ ሳቡት። የተቆራረጠ መስመር ከወፍራም መስመር ይሻላል።

ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ክተቱት። ከሸራው ጀርባ ደግሞ ስማችሁን፣ ዓመቱንና የአይቫዞቭስኪ ሥራ ቅጂ መሆኑን ጻፉ።