ስለ አገራችን የቀረበ የውጭ ዘገባን ከጣና ዳር ሆኖ መመርመር

የውጭ መገናኛ ብዙኃን ስለ ኢትዮጵያ ያወጡትን ዘገባ ሲያነቡ በመጀመሪያ ቦታውንና ጊዜውን ይለዩ። «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም የትኛውን ወረዳ፣ የትኛውን ወር ተክቶ እንደ ገባ ካልታወቀ የአንድ ስፍራ መከራ የመላ አገሪቱ መልክ ሆኖ ይቀራል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ማይክል በርክ ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ኮረም ያቀረበውና መሐመድ አሚን የቀረጸው የቢቢሲ የረሃብ ዘገባ እውነተኛ ነበር፤ ዓለምን ለእርዳታ ያነሣሣ በመሆኑም ውለታው አይካድም። ይሁን እንጂ ዘጋቢው ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ጋር ስላመሳሰለው፣ ከድርቁ ጎን የነበሩት ሰው ሠራሽ ምክንያቶች፣ ማለትም ጦርነቱና የደርግ የግብርና ፖሊሲ፣ ከብዙ ተመልካች ዓይን ተሰወሩ። በዚያው ዘመን ከወሎ የተነሡ ብዙ ተጎጂዎች ለሰፈራ የተወሰዱት ያኔ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ወደ ነበረው ፓዌ ነው፤ ሰፈራው የራሱን መከራ ቢያስከትልም፣ አገሩ ሁሉ ደርቆ እንዳልነበር ያሳያል። ስለዚህ «የት?» እና «መቼ?» ከተመለሱ በኋላ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘቱን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ግሦቹን ይመርምሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎጃም ሰከላ ከሚገኘው ግሽ ዓባይ ሲደርስ የዓባይን ምንጭ «አገኘ» ተብሎ ተጽፎለታል፤ ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ቀድሞት ነበር፣ የሰከላ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ውኃውን ያውቀዋል። «አገኘ» በሚለው ምትክ «ደረሰ» ወይም «ጎበኘ» ብለው ቢያነቡ ማን ከታሪኩ እንደ ተዘለለ ወዲያው ይገለጥልዎታል።

ፎቶግራፍ ሲሆን ከፍሬሙ ውጭ የቀረውን ይጠይቁ። ጣና ላይ የሚቀዝፍ የደንገል ታንኳ «ጊዜ የቆመበት አገር» ለሚል መግለጫ ይመቻል፤ ሆኖም ከዚያው ዳርቻ የሞተር ጀልባ መንገደኛ ጭኖ ወደ ዘጌ ይሄዳል። ታንኳውም ቢሆን ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ስለሚገኝና በእጅ ስለሚሠራ ዛሬም የሚያገለግል የሙያ ውጤት ነው። ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት፣ በጣና ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያዎች በዘገባው ውስጥ ይናገራሉ ወይስ ምስላቸው ብቻ ይታያል? እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ ሰው በገዛ ሙያው ላይ እንኳ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው።

በዚህ ሁሉ ግን ደስ የማያሰኘውን ዘገባ በሙሉ «ስም ማጥፋት» ብሎ ከመጣል ይጠንቀቁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በአማራ የቀጠለውን ግጭት የሚያወሳ ዘገባ መራራ ስለ ሆነ ብቻ ሐሰት አይሆንም፤ ጨርሶ አለመዘገቡ ደግሞ ሌላ በደል ነው። ስሕተት ካገኙ ለዝግጅት ክፍሉ ሲጽፉ የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይጥቀሱ፣ ትክክለኛውን ቦታና ቀን ከጎኑ ያስፍሩ፣ በአካባቢው ሊጠየቅ የሚችል ባለሙያም ፈቃዱን አግኝተው ይጠቁሙ።