የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ቋሚው ከኋላ ሲበቅል ምን ማድረግ ይገባል?

ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ከታችኛው የፊት ጥርሶቹ ኋላ፣ በምላስ በኩል፣ ሌላ ጥርስ ቢያበቅል ወላጅ መደንገጡ አይቀርም፤ ነገሩ ግን የተለመደ ነው። የታችኛው የፊት ቋሚ ጥርስ የሚያድገው ከወተት ጥርሱ ሥር በስተኋላ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ የወተት ጥርሱ ሥር እየሟሟ ያልቃል፣ ሥር ያጣውም ጥርስ ተነቃንቆ ይወልቃል። ቋሚው በጎን ሾልኮ ከወጣ ግን ሥሩ በደንብ ሳይሟሟ ስለሚቀር ሁለቱ ለጊዜው አብረው ይታያሉ።

በመጀመሪያ ልጁን ብርሃን ወዳለበት አቅርበው የትኛው ጥርስ እንደሆነ ይለዩ። በዚሁ ዕድሜ ከወተት መንጋጋዎች ኋላ የሚበቅለው ትልቅ መንጋጋ የማንንም ቦታ ሳይተካ የሚወጣ ቋሚ ጥርስ ስለሆነ ከዚህ ጉዳይ ጋር አይገናኝም።

ቀጥሎ የወተት ጥርሱ መነቃነቁን ይፈትሹ፤ ውሳኔው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ልጁን «ይነቃነቃል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የሚፈራ ልጅ አይነቃነቅም ይላል፣ ጥርሱ እንዲወልቅለት የቸኮለ ደግሞ ይነቃነቃል ይላል። እጅዎን ታጥበው ጥርሱን በንጹሕ ጎዝ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙና ወደ ከንፈርና ወደ ምላስ ቀስ ብለው ይግፉት፤ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ጥርስ በተመሳሳይ መንገድ ነክተው ያወዳድሩ። በግልጽ የሚነቃነቅ ከሆነ ልጁ ራሱ በምላሱና በታጠበ ጣቱ በየቀኑ ያነቃንቀው። በአዳማ ሸንኮራ አገዳ እንደ ልብ ስለሚገኝ ብዙ ሰው እሱን እንዲግጥ ይመክራል፤ እኔ ግን ከስኳሩ ይልቅ ካሮትን እመርጣለሁ። በጥቂቱ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ በየሳምንቱ እየፈተሹ ይጠብቁ። ጨርሶ የማይነቃነቅ ከሆነ፣ ወይም ሁለት ሦስት ወር አልፎት ካልወለቀ፣ ወደ ጥርስ ሐኪም ይውሰዱት። ራጅ ያለው ክሊኒክ ቢመርጡ ይሻላል፤ የወተት ጥርሱ ሥር ምን ያህል እንደቀረና ከኋላ የበቀለው በእርግጥ ቋሚው እንጂ ትርፍ ጥርስ አለመሆኑ የሚታየው በራጅ ነው።

በክር አስሮ መንቀልን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ሥሩ ያልሟሟ ጥርስ በኃይል ሲሳብ ተሰብሮ ሥሩ ድድ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

እስከዚያው በሁለቱ ረድፎች መካከል ምግብ ስለሚሸጎጥ ብሩሹን ከምላስ በኩል አጋድመው ያጽዱ። መፋቂያ ለፊት ለፊቱ ጥሩ ቢሆንም እዚያ ጠባብ ቦታ በደንብ አይደርስም።

ጥርሱ ሲወልቅ ልጁ ንጹሕ ጎዝ ነክሶ ይቆይ፤ ደሙ ይቆማል። በቂ ቦታ ካለ ቋሚውን ምላስ ራሱ በወራት ውስጥ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ በጣት መግፋት አያስፈልግም። የላይኛው ጥርስ ግን ከኋላ ከበቀለ ከታችኛው ጥርስ ኋላ ተቆልፎ ሊቀር ስለሚችል ሳይዘገዩ ሐኪም ያማክሩ።

አዲሱ ጥርስ ከወተት ጥርሱ ቢጫ መስሎ መታየቱ ጤናማ ነው። ቡናማ ነጠብጣብ ካለው ግን አዳማና ወንጂ ባሉበት ስምጥ ሸለቆ በአንዳንድ ጉድጓዶች ውኃ ውስጥ የሚበዛው ፍሎራይድ ያመጣው ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ የሚፈጠር ስለሆነ በከሰል ማሸት አያስለቅቀውም። ታናናሾች ካሉ የእነሱ ቋሚ ጥርስ አሁን እየተሠራ ነውና የሚጠጡት ውኃ ከየት እንደሚመጣ ያጣሩ፤ ፍሎራይድ በማፍላት ስለማይወገድ ጉድጓዱ አጠራጣሪ ከሆነ ለመጠጥ ሌላ ውኃ መፈለግ ይሻላል።